ጀልባዋ ሦስት ባለቤት ያገኘችበት ዓመት

በቅርቡ ለሥራ ከጂንካ ወደ ኦሞራቴ ወርጄ ነበር። ሾፌራችን ጎማ ሊያይ ድልድዩ ጫፍ ላይ ሲቆም እኔም እግሬን ላፍታታ ወረድኩ። ከድልድዩ ሥር አንድ ገበሬ በውሃ መሳቢያ ሞተር ማሳውን ሊያጠጣ ይታገላል። ሞተሩ አልነሳ ብሎት ገመዱን ደጋግሞ ሲጎትት ቤንዚን ፈሰሰበትና ሽታው ከእርጥብ ደለል ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ላይ መጣ። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይይዝ ነበር። እኔ ግን የድልድዩን ብረት ተደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ የኖርኩበት አንድ ዓመት ሽታው ይኸው ነበር፤ የአባቴ ሸሚዝ፣ የምተኛበት ፍራሽ፣ የደብተሬ ሽፋን ሳይቀር።

ያን ጊዜ ድልድይ የለም። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። እናቴ ጂንካ ከተማ አስተማሪ ነበረች፤ ለአንድ ዓመት ሥልጠና ወደ አርባ ምንጭ እንድትሄድ ታዘዘች። አባቴ ይርጋ መካኒክ ነው። በዚያው ሰሞን ኦሞ ወንዝ ዳር ያለ አንድ የእርሻ ድርጅት ለጀልባው ሞተሪስት ፈልጎ ቀጠረው። ታናሽ ወንድሜ አክስቴ ዘንድ ቀረ። እኔንም እዚያው ሊተዉኝ አስበው ነበር፤ ምግብ አልበላም ብዬ ሦስት ቀን አለቀስኩ። በመጨረሻ እናቴ ተሸነፈች።

«ይሁን፣ ውሰዳት» አለችው። «ግን ውሃ አጠገብ እንዳትደርስ!»

የሚሄደው ጀልባ ሊነዳ መሆኑን የረሳች ትመስል ነበር። አባቴም «እሺ» አለ። እናቴን እሺ ማለት ይወድ ነበር።

በጭነት መኪና ወረድን። ቀይ አፈር ገበያ ላይ አባቴ ሙዝ ገዛልኝ። ከዚያ በኋላ መንገዱ እየወረደ፣ ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ። ኦሞራቴ ስንደርስ መጀመሪያ ያየሁት ነገር ወንዙ አልነበረም፤ ሰው ከመሬት ውስጥ ሲወጣ ነው። አንዲት ሴት መጀመሪያ ጭንቅላቷ፣ ቀጥሎ ትከሻዋ፣ ቀጥሎ የተሸከመችው ጆንያ ከሜዳው ውስጥ ብቅ አለ። ጮኼ የአባቴን እጅ ያዝኩ። ጠጋ ብለን ስናይ የወንዙ ዳርቻ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው፤ ሰው ሸክላውን እየቆፈረ በሠራው ደረጃ ይወጣና ይወርዳል። ታች ኦሞ ቡናማ ሆኖ፣ ዝም ብሎ፣ ሰፍቶ ይሄዳል። ደረጃው ሥር ሰማያዊ ቀለም የተቀባች የብረት ጀልባ ታስራለች።

የአባቴ ጀልባ ብዬ ወዲያውኑ ያዝኳት። የድርጅቱ መሆኗን ማንም አልነገረኝም።

ድርጅቱ ከቆርቆሮ ቤቶቹ አንዱን ክፍል ሰጠን። ትምህርት ቤት ወዲህ ማዶ ነበር፤ አንድ ክፍል ውስጥ አንደኛና ሁለተኛ፣ በሌላው ሦስተኛና አራተኛ። ጠዋት ጠዋት ጀልባዋ ከወዲያ ማዶ ተማሪዎችን፣ ወደ እርሻው የሚሄዱ ሠራተኞችን፣ ማሽላና ወተት የያዙ ሴቶችን ታመጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ትመልሳቸዋለች። በመካከሉ ፍየል ትጭናለች፣ ሕመምተኛ ትጭናለች፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የቀበሌውን ጠረጴዛ ከነሊቀመንበሩ ስትጭን አይቻለሁ። ሊቀመንበሩ ውሃ ይፈራ ነበርና መሻገሩ እስኪያልቅ የጠረጴዛውን እግር አቅፎ ነበር።

ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ፣ በትንሽ የእንጨት በርጩማ ላይ የሚቀመጥ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ ሎኮሮ ይባላል። የአካባቢው የዳሰነች ብሔረሰብ ሰው ነው። ጸጉሩ በሸክላ ተለስኖ አንድ ነጭ ላባ ተሰክቶበታል፤ በእጁ ቀጭን ዘንግ ይዟል። አባቴ ከኋላ ሞተሩን ይዞ ይቀመጥና የሎኮሮን ዘንግ ያያል። ዘንጉ ወደ ግራ ሲያዘነብል ጀልባዋ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ቀጥ ብሎ መሻገር እየተቻለ ለምን እንደሚጠማዘዙ አልገባኝም ነበር። እኔ የመሰለኝ ሎኮሮ በዘንጉ ውሃውን እያዘዘ መንገድ የሚያስለቅቅ ነው። ከውሃው ሥር የአሸዋ ቁልል እንዳለ፣ ቁልሉም በየሳምንቱ ቦታ እንደሚለውጥ፣ እሱም ይህን ሁሉ በውሃው ገጽ ላይ እንደሚያነብ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ሞተር ሳይመጣ በፊት ሰው የሚያሻግረው እሱ ነበር፤ ከአንድ ግንድ በተፈለፈለች ታንኳው። ድርጅቱ ጀልባ ሲያመጣ እሱንም በዘበኝነት መዝገብ ላይ አስፍሮ ቀጠረው።

አማርኛው የራሱ ነበር። ለሁሉም ሰው «አንተ» ነው የሚለው፤ ለአባቴም፣ ለድርጅቱ ኃላፊም፣ ለእኔም።

«አንተ ልጅ፣ ቁጭ በል» አለኝ የመጀመሪያው ቀን።

«እኔ ሴት ነኝ» አልኩት ተቆጥቼ።

«አውቃለሁ» አለ። «ቁጭ በል።»

አባቴ ደግሞ ማታ ይዞኝ «ሽማግሌን እርስዎ ነው የሚባለው» ብሎ መከረኝ። በማግስቱ «እንደምን አደሩ? እርስዎ ደህና ነዎት?» ስለው ሎኮሮ ዞር ብሎ ከኋላው ተመለከተ። ሌላ ሰው አብሮት የቆመ መስሎት ነው። የልጅ ልጁ ናኮ ከት ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ናኮና እኔ ጓደኛ ሆንን።

ናኮ ከወዲያ ማዶ በጀልባ የምትመጣ የክፍል ጓደኛዬ ነበረች። ከእኔ ትረዝማለች፣ ትዋኛለች፣ ፍየል ታልባለች፣ ሦስት ቋንቋ ታውቃለች። እኔ የማውቀው እሷ የማታውቀው ነገር ማንበብ ብቻ ነበር፤ እሱንም በሁለት ወር ውስጥ ወሰደችብኝ።

ጥቂት ወር እንደቆየን እርሻው እየቀዘቀዘ መጣ። ትራክተሮቹ ቆሙ፤ ሠራተኞች ሻንጣቸውን ተሸክመው በጭነት መኪና መሄድ ጀመሩ። አንድ ቀን የመጋዘኑ በር ላይ የጨረታ ወረቀት ተለጠፈና ሰዎች ከበቡት። ከሠራተኞቹ አንዱ አባቴን ሲያየው ጮክ ብሎ፣

«ይርጋ፣ እንግዲህ ጀልባህ ባለቤት ልታገኝ ነው!» አለው።

አባቴ ፊቱ ተለወጠ። እኔም ደነገጥኩ። እኛ ቤት እናቴ ለእንግዳ ስለ አባቴ ስታወራ «ባለቤቴ» ነው የምትለው። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነበር፤ ጀልባዋ ልታገባ ነው። አባቴ ያዘነውም ሌላ ሰው ሊወስድበት ስለሆነ ነው። ወዲያው ሮጬ ለናኮ ነገርኳት።

«ጀልባ ታገባለች?» አለች።

«መጋዘኑ ላይ ተጽፏል።»

ናኮ ትንሽ አሰበችና፣ «ስንት ከብት ይሰጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። ያንን ወረቀቱ ላይ ፈለግሁት፤ አላገኘሁም።

ሙሽራው የሚመጣበት ቀን እንደደረሰ ከአባቴ ንግግር ሰማሁ። በዚያ ጠዋት እኔና ናኮ ቀድመን ወረድንና ጀልባዋን ዙሪያዋን ቢጫ የግራር አበባ አሰርንባት። እሾሁ እጃችንን ሁሉ ቧጨረው። ያልበቃንን ቦታ በሸምበቆ ሞላነው።

ሙሽራው አቶ ታደለ የሚባል የጂንካ ነጋዴ ሆኖ ተገኘ። ወፍራም፣ ፈገግተኛ፣ ላቡን በመሐረብ የሚጠርግ ሰው ነው። ደረጃውን በጎኑ እየወረደ መጣ። ጀልባዋን ሲያይ ቆመ። አበባውን ነካ ነካ አደረገው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«በሕይወቴ እንዲህ ተቀብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም» አለ። «ጌታ ይባርካችሁ! ማን ነው እንዲህ ያሳመራት?»

አባቴ ወደ እኔ አየ፤ እኔ ወደ ናኮ አየሁ። አቶ ታደለ ጀልባዋ ላይ እጁን ጭኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ጸሎት ጸለየ። አባቴም በበኩሉ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት እንደ ልማዱ አማተበ። ሎኮሮ ሁለቱንም በየተራ ተመለከታቸውና በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

ርክክቡ ግን ሠርግ አልነበረም። የመጋዘን ሠራተኛው ዝርዝር እያነበበ አቶ ታደለ ያጣራል፤ ጀልባ፣ ሞተር፣ ገመድ፣ መቅዘፊያ፣ የቤንዚን ጀሪካን። ዝርዝሩ ሲያልቅ አቶ ታደለ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ አመለከተ።

«ይሄ አባትስ?»

«እሱ የድርጅቱ ዘበኛ ነበር» አለ የመጋዘን ሠራተኛው። «ውል የለውም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ይሠራል?»

«መንገድ ያሳያል» አለ አባቴ።

አቶ ታደለ ሳቀ፤ በክፋት አይደለም። «ወንዝ ላይ ምን መንገድ አለ? ማዶው ይኸው ይታያል። ይርጋ፣ አንተ ዓይን የለህም?»

እዚህ ላይ አባቴ መናገር ነበረበት። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲል ሰምቼዋለሁ። ግን በዚያች ሰዓት ወራት ሙሉ ወንዙን ሲያይ ስለከረመ የተማረው መሰለው። የሰው ዘንግ እያዩ መንዳትም ሳይሰለቸው አልቀረም። ዝም አለ። ሎኮሮ በርጩማውን አነሳ፣ ደረጃውን ወጣ፣ ዳርቻው ላይ ካለው ትልቅ ግራር ሥር ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እዚያ ነበር። ጀልባዋ ስትሄድና ስትመለስ ያያል።

አቶ ታደለ ጀልባዋን ቀይ ቀለም አስቀባት፤ ጎኗ ላይም በነጭ «እማዋይሽ» ብሎ አጻፈ። የሟች እናቱ ስም ነው። መሻገሪያ ዋጋ ተወሰነ፤ ጥሬ ገንዘብ የሌለው ዓሣም፣ ወተትም፣ ማሽላም መስጠት ይችላል ተባለ። ተማሪ ግን በነጻ። ይህንን አቶ ታደለ ራሱ ነው ያለው። «ለእናቴ ነፍስ» ብሎ። ከዚያ ወደ ጂንካ ተመለሰ። አባቴ በየማታው ዓሣ ይዞ ይመጣ ጀመር። አጥንቱን እየለቀምን፣ ሳንሳሳ፣ እስኪሰለቸን በላን።

ጀልባዋን እንደ ሙሽራ ካየኋት በኋላ አንድ ነገር ግር ብሎኝ ቆየ፤ ባሏ ትቷት ጂንካ ይኖራል። እናቴም አርባ ምንጭ፣ አባቴ ኦሞራቴ ስለሆኑ ግን ነገሩ ብዙም አላስጨነቀኝም።

ለጥቂት ሳምንት ሁሉም ደህና ነበር። ከዚያ ወንዙ ሞላ። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አንድ ጠብታ ዝናብ ሳይጥል ውሃው ደረጃውን አንድ በአንድ መዋጥ ጀመረ። ደጋው ላይ ሲዘንብ ኦሞ እዚህ እንደሚሞላ ማን ይንገረኝ? እኔ ግራሩ ሥር ወደተቀመጠው ሎኮሮ እያየሁ «ተቆጥቶ ነው» አልኩ በልቤ። ለአባቴም ነገርኩት።

«ይቅርታ ጠይቀው» አልኩት።

«ምን አድርጌ?» አለ፤ ግን ፊቱን አዞረ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተማሪዎችን ልንመልስ ተነሳን። እኔም ናኮን ልሸኝ ገብቼ ነበር። ጀልባዋ ሞልታለች፤ ልጆች፣ ሴቶች፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አራት ፍየሎች። ወንዙ መካከል ስንደርስ ከሥራችን ጓ! የሚል ድምፅ ሰማን። ጎርፉ ያመጣው ግንድ ውሃው ውስጥ ተኝቶ ኖሯል። ሞተሩ ጮኸ፤ ጀልባዋ ግን አልሄደችም። አባቴ ሞተሩን ወደ ላይ ገልብጦ ሲያይ ውሃውን የሚገፋውን ማራገቢያ የሚይዘው የብረት ቁልፍ ተሰብሯል። ማራገቢያው በባዶ ይዞራል።

ጀልባዋ ቀስ ብላ ዞረችና በጎኗ ወደ ታች መንሸራተት ጀመረች። ፍጥነቷን ያወቅሁት ዳርቻውን ሳይ ነው፤ ግራሩ፣ ቆርቆሮ ቤቶቹ፣ የታሰረው አህያ ሁሉም በሩጫ አለፉ። ታች ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ጎርፍ ሥራቸውን የበላቸው ዛፎች ውሃው ውስጥ ወድቀው ቅርንጫፋቸው እንደ ማበጠሪያ ወጥቷል። ውሃው በሙሉ ኃይሉ የሚሄደው ወደዚያ ነው። እኛም ወደዚያ።

ሰው መቆም ጀመረ። ጀልባዋ ተናጠች። አባቴ መቅዘፊያውን አንስቶ ወደ ላይ፣ ወደመጣንበት ሊቀዝፍ ይታገላል። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገትሯል። አባቴ ሲፈራ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ያኔ ከኋላችን ድምፅ ተሰማ። ሎኮሮ ነው። በዚያች ጠባብ ታንኳው ላይ ቆሞ፣ በረጅም እንጨት ውሃውን እየገፋ ይመጣል። በራሱ ቋንቋ አንድ ቃል ደጋግሞ ይጮሃል። ናኮ ተነስታ በአማርኛ አስተጋባችው፤

«ቁጭ በሉ! ሁላችሁም ወለሉ ላይ ቁጭ በሉ!»

ተቀመጥን። ሎኮሮ ደረሰና ገመዳችንን ይዞ ከታንኳው ጋር አሰረ። አባቴ አሁንም ወደ ላይ ይቀዝፋል።

«ይርጋ!» አለ ሎኮሮ። «አንተ ውሃ ታሸንፋለህ?»

«ወደ ዛፎቹ ነው የምንሄደው!»

«አትታገል። ተው። በግራ ብቻ። በግራ፣ ቀስ።»

አባቴ ተወ። ያ ነው የሚገርመኝ፤ በዚያች ደቂቃ መተዉ። መቅዘፊያውን በግራ በኩል ብቻ እያስገባ ሎኮሮ እንዳለው አደረገ። ሎኮሮም ከታንኳው ላይ በቀስታ ወደ ጎን ይስበናል፤ ወደ ኋላ አይደለም፣ ወደ ፊትም አይደለም፣ ወደ ጎን ብቻ። ወንዙ ሲታጠፍ ውሃው በውጭ በኩል ይሮጣል፤ በውስጥ በኩል ግን የተኛ ውሃ አለ። እዚያ ስንገባ ጀልባዋ እንደ ደከማት ላም ቀስ አለችና አሸዋው ላይ ጋደም አለች። የወደቁት ዛፎች ከእኛ ማዶ ቀሩ።

አንድ ፍየል ብቻ በድንጋጤ ዘልሎ ውሃ ገብቶ ነበር፤ ከእኛ ቀድሞ ዳርቻው ላይ ቆሞ ሣር ሲበላ አገኘነው። ናኮ እሱን ስታይ መሳቅ ጀመረች፤ እኔም ሳቅሁ፤ ቀስ በቀስ ጀልባው ሙሉ ሳቀ። አባቴ ግን መቅዘፊያውን ገና አልለቀቀም ነበር።

የወረድነው በወዲያ ማዶ በኩል ነው፤ ከነናኮ መንደር ብዙ ርቀን። በፀሐይ እየተጓዝን ወደ ላይ ተመለስን። አባቴ ከሎኮሮ ጎን ጎን እየሄደ ቆይቶ፣

«እንድትሄድ ሲደረግ ዝም አልኩ» አለው። «ለምን መጣህ?»

ሎኮሮ ጥያቄው የገባው አልመሰለም። ዞር ብሎ ከኋላ የሚመጡትን ልጆች አየ።

«ሰው ነበር» አለ። «ውስጡ ሰው ነበር።»

በሦስተኛው ቀን ቁልፉ ተሠርቶ ጀልባዋ ተመለሰች። አባቴ ሸሚዙን ለውጦ ግራሩ ሥር ሄደ። እኔ ከኋላው ነበርኩ።

«ዛሬ ትመጣለህ?» አለው።

«ታደለ ሂድ ብሏል።»

«ታደለ ጂንካ ነው። እዚህ እኔና አንተ ነን። ከደሞዜ ላይ አካፍልሃለሁ።»

ሎኮሮ ተነሳ። በርጩማውን አባቴ ተሸከመለት። ደረጃው ሥር ያሉት ሴቶች ሽማግሌው ቦታው ላይ ሲቀመጥ እልል አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ ከሞተሩ ላይ ሆኖ ስለ እያንዳንዱ የውሃ እጥፋት ይጠይቀዋል፤ ሎኮሮም ይመልሳል። አባቴ ማታ ማታ በደብተሬ የኋላ ገጽ ላይ ወንዙን ይሥል ነበር። በማግስቱ ሎኮሮ ሥዕሉን አይቶ «ትናንት ነው ይሄ» ይለዋል፤ አባቴም ይሰርዛል።

ጎርፉ ሸሽቶ ሰው ደለሉ ላይ ማሽላ መዝራት ሲጀምር አቶ ታደለ ከጂንካ መጣ። ወሬውን ሰምቷል። እንደ በፊቱ አልሳቀም። ሰውን ሁሉ ግራሩ ሥር ሰበሰበ።

«የእናቴ ስም የተጻፈባት ጀልባ ልጆች ይዛ ልትሰጥም ነበር» አለ። «ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ደግሞም እውነቱን ልንገራችሁ፤ ዓሣችሁን ጂንካ ድረስ ላደርሰው አልቻልኩም። ቀይ አፈር ሳይደርስ መኪናው ሁሉ ይሸታል። ሐይቅ ላይ ቱሪስት የሚያመላልስ ሰው ጀልባዋን ፈልጓታል። መኪና ይመጣና ይጭናታል።»

ናኮ ተርጉማ እስክትጨርስ ማንም አልተነቃነቀም። ከዚያ ጉርምርምታ ተነሳ። አንዲት ሴት ልጆቼ እንዴት ይማራሉ አለች። ሌላዋ ማሽላዬን በምን ላምጣ አለች። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። እኔ የናኮን እጅ ይዤ ነበር፤ ጀልባዋ ከሄደች እሷ ወዲያ ማዶ፣ እኔ ወዲህ ማዶ መቅረታችን ነው። ወይም እኔ ወደ ጂንካ መመለሴ ነው።

ሎኮሮ ተነሳ። ዘንጉን ይዞ በቀስታ፣ በራሱ ቋንቋ ረጅም ንግግር ተናገረ። ሽማግሌዎች በመካከሉ ይመልሱለታል፤ አንዱ ይነሳል፣ ሌላው ይቀመጣል። አቶ ታደለ ላቡን እየጠረገ ከአንዱ ወደ ሌላው ያያል፤ የሚቆጡበት መስሎታል። በመጨረሻ ሎኮሮ ወደ እሱ ዞረ።

«ታደለ» አለ በአማርኛ። «አንተ ከብት ታውቃለህ?»

«ከብት? ነጋዴ አይደለሁ? እንዴት አላውቅም!»

«ዓሣ ይሸታል። ከብት በእግሩ ጂንካ ይሄዳል። ከብት ውሰድ። ጀልባ ተው።»

ናኮ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «ይኸው» አለች በሹክሹክታ። «ከብቱ አሁን ነው የሚሰጠው። ዘግይቷል እንጂ።»

ነገሩ በአንድ ቀን አላለቀም። ወዲያ ማዶና ወዲህ ማዶ ያሉ ቤተሰቦች በየፊናቸው ተመካከሩ። በሬ የሰጠ አለ፣ ጊደር የሰጠ አለ፣ ፍየል ያዋጣ አለ፤ የከተማው ሻይ ቤት ባለቤትና የጤና ጣቢያው ሠራተኞችም ተጨመሩበት። አቶ ታደለ ሦስት ቀን ቆይቶ እያንዳንዱን ከብት ጥርሱን እያየ ተረከበ። ሳቁ ተመለሰለት። ሲጨርስ ግን ጀልባዋ አጠገብ ሄዶ ቆመ።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ። «ስሟን አታጥፉብኝ።»

«ምን ይላል?» አለ ሎኮሮ ጽሑፉን እያየ።

«እማዋይሽ። የወለደችኝ እናቴ ናት።»

«እናት ናት?» አለ ሎኮሮ። «ትቀመጥ።»

ርክክቡን ለመጨረስ በተጠራው ስብሰባ ላይ ነው እኔ የተዋረድኩት። የቀበሌው ሊቀመንበር «ከዛሬ ጀምሮ የጀልባዋ ባለቤት ሕዝቡ ነው» ሲል አላስችል ብሎኝ «ይሄ ሁሉ ሰው እንዴት ባሏ ይሆናል?» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ አቶ ታደለ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አበባውን ያሰርነው እኛ መሆናችንን፣ ለምን እንዳሰርነውም ያወቀው ያኔ ነው። እየሳቀ ሁለታችንንም በየተራ ግንባራችንን ሳመን። አባቴ የቃሉን ሁለቱንም ትርጉም እቤት አስረዳኝ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ባለቤት የሚለው ቃል ሲጠራ ቢጫ አበባ ይታየኛል።

አዲሶቹ ባለቤቶች አባቴን ሞተሪስት፣ ሎኮሮን መሪ አድርገው እንዲቀጥሉ ወሰኑ። አባቴ ደስ አለው፤ ወዲያውም ከፋው። የእናቴ ሥልጠና ሊያልቅ ነው። ወደ ቤት የመመለሻችን ጊዜ ደርሷል።

«ሚስትህ መምህር ናት?» አለው ሎኮሮ አንድ ቀን።

«አዎ።»

«ትመጣለች፣ ትወስድሃለች።»

«ትወስደኛለች» አለ አባቴ።

እናቴ በጭነት መኪና፣ በአቧራ ነጭ ሆና መጣች። ሮጬ ወገቧ ላይ ተጠመጠምኩ። ጠቁረሻል፣ ረዝመሻል፣ ፀጉርሽ ምን ሆነ አለችኝ። ቀጥላ ሸሚዜን አሸተተች።

«ውሃ አጠገብ አትደርስም ብለኸኝ ነበር» አለችው አባቴን።

«አልደረሰችም» አለ አባቴ። «ላዩ ላይ ነበረች።»

አባቴ ስለ ግንዱ ሳይደብቅ ነገራት። እስከ ምሽት አላናገረችውም። በማግስቱ ግን የናኮ እናት ወተት ጠጡልኝ ብላ ስለላከች መሻገር የግድ ሆነ። ወደ ጀልባዋ ስትገባ አባቴና እኔ ግራና ቀኝ ያዝናት። ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ናኮ አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ የሰውን ፍርሃት በሥራ ለማስረሳት ይመስለኛል፣ ደብተሯን አውጥታ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። እናቴ ዓይኗን እንደጨፈነች አንድ ስህተት አረመቻት። ትንሽ ቆይታ ሌላ አረመች። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች።

«ይህንን ማን አስተማረሽ?»

«መምህራችን ወባ ይዞት ሄዷል» አለች ናኮ። «ሁለት ሳምንት ሆነ። አሁን ማንም የለም። አንብቡ ብሎን ነው የሄደው።»

«ሌላ አልተተካም?»

«ማን ይመጣል?»

እናቴ ጀልባው ውስጥ ያሉትን ልጆች አየቻቸው፤ ከዚያ ወንዙን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ አባቴ ዞረች።

«ዝውውር ብጠይቅ ይሰጡኝ ይሆን?» አለችው። «ለአንድ ዓመት።»

አባቴ ሞተሩን አቀዘቀዘው፤ በደንብ ያልሰማ መስሎት ይመስለኛል። ጀልባዋ በራሷ ግፊት ቀስ ብላ ሄደችና አፍንጫዋ ማዶው ጭቃ ውስጥ ገባ።

«ምን አልሽ?» አላት።

እናቴ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች። ልጆቹ ሳይወርዱ፣ ማንም እጇን ሳይዝ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጭቃው ውስጥ ዘለለች።

«ትንሹን ልጃችንን ከጂንካ አምጣው አልኩ።»